አዲስ የመጣ ህንዳዊ መምህር ባሕር ዳር ላይ የባንክ ሒሳብ እንዴት ይክፈት?

ጣና ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አብሮኝ የሚያስተምር ህንዳዊ ባልደረባ አለኝ። ከመጣ ገና ነው፤ ደመወዙ የሚገባበት ሒሳብ ያስፈልገዋል። አንድ ቅርንጫፍ ሄደን ፓስፖርቱን ስናሳይ «ፋይዳ (ዲጂታል መታወቂያ) ያምጡ» አሉን። ፋይዳ ልናወጣ ስንሄድ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ ተጠየቅን። የሥራ ፈቃዱ ወጥቷል፣ መኖሪያው ግን ገና በሂደት ላይ ነው። ስሙም ሌላ ጣጣ ሆነብን፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለው አንድ ስም ብቻ ነው፣ የባንኩ ቅጽ ግን እስከ አያት ይጠይቃል። ሰው ሁሉ «ለጊዜው በአንተ ሒሳብ ይግባና አውጥተህ ስጠው» ይለኛል። የቤት ኪራይ ስለደረሰበት እኔም እሺ ልል ነው። ምን ትላላችሁ?

የሒሳብ ሠራተኛዋ
ወንድሜ፣ እባክህ በአንተ ሒሳብ እንዳይገባ። አንተን ስለማላምንህ አይደለም። መምህሩ ነገ ከደመወዙ ለቤተሰቡ ልላክ ሲል ባንኩ የሥራ ውሉን፣ የሥራ ፈቃዱንና ግብር የተቆረጠበት ደመወዝ መሆኑን ማየት ይፈልጋል፤ ገንዘቡ በአንተ ስም ሲገባና ሲወጣ ከከረመ ግን የእሱ ላብ መሆኑን በምን ያሳያል? አንተም ብትሆን ያልሠራህበት ደመወዝ በስምህ ሲገባ ጠያቂ አለው። የግቢው ፋይናንስ ቢሮ ሄዳችሁ በስሙ ቼክ ይጻፍለት፣ ካልሆነም ሒሳቡ እስኪከፈት ደመወዙ እዚያው ይቆይለት በሉ። ለኪራዩ ከቻልክ ከኪስህ አበድረው፤ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ፖሊ ሰፈር
እኔ ፋይዳ ምዝገባ ላይ ሠርቻለሁ። ፋይዳ ለኢትዮጵያዊ ብቻ አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት እዚህ በሕግ የሚኖር የውጭ ዜጋም ይመዘገባል። ስለዚህ መጀመሪያ የመኖሪያ ፈቃዱን ጨርሱ። ግቢው የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎ ጉዳዩን ራሱ ይከታተልለት፣ እንግዳ ሰው ብቻውን ቢሮ ለቢሮ መንከራተት የለበትም። እስከዚያው በፓስፖርቱ ሲም ካርድ ያውጣ። በራሱ ስም! ማረጋገጫ ኮዱም፣ የፋይዳ ቁጥሩም፣ የባንኩ መልእክትም የሚመጣው በስልኩ ነው፤ በአንተ ስልክ ካስመዘገብከው ሁልጊዜ አንተን ሲፈልግ ይኖራል። ምዝገባው ነጻ ነው። የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን አሻራና ፎቶ ይወሰዳል።

ስሙ ላይ በደንብ ተጠንቀቁ። ከደቡብ ህንድ የሚመጡ ብዙዎች የቤተሰብ ስም የላቸውም። የአባቱ ስም ፓስፖርቱ መጨረሻ ገጽ ላይ ካለ እሱን አሳዩ፤ አያት ግን ከየትም ፈልጋችሁ እንዳትጨምሩ። ስሙ በሥራ ፈቃዱ፣ በመኖሪያ ፈቃዱ፣ በፋይዳው፣ በባንኩና በደመወዝ ዝርዝሩ ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። አንዷ ፊደል ከተለየች ደመወዙ «ስም አልተመሳሰለም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። የልደት ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ነግራችሁ አስመዝግቡ፣ መዝጋቢው በእኛ ከጻፈው ሰባት ስምንት ዓመት ይዛባል።

ጣና ዳር
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በእኔ ሒሳብ የሚባለውን ትቼዋለሁ፣ ነገ ፋይናንስ እንሄዳለን። አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ ትንሽ ዶላር ይዞ መጥቷል፣ አንዳንዱ «ከባንክ ውጭ ዘርዝረው» እያለው ነው።

የሒሳብ ሠራተኛዋ
በፍጹም! ባንክ ይመንዝር፣ ደረሰኙንም ያስቀምጥ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ምንዛሬው በገበያ ስለሚወሰን ከባንክ ባንክ ይለያያል፣ ሁለት ሦስቱን ጠይቁ።

ግሽ ዓባይ
ሒሳቡ ንግድ ባንክ ከተከፈተ በስልክ *889# ደውሎ ሒሳቡን ማንቀሳቀስ አስለምደው። ከተማችን ኢንተርኔት ሲጠፋ መተግበሪያው አይሠራም፣ ይሄኛው ግን ያለ ዳታ ነው። ቅርንጫፉ ውስጥ እያለ ያስጀምረው፤ የሚስጥር ቁጥሩን ግን ራሱ ይምታ፣ አንተም ብትሆን አትይለት። የመኖሪያ ፈቃዱ ሲታደስ ደግሞ ኮፒውን ለባንኩ ያስገባ፣ ጊዜው ካለፈበት ሒሳቡ ሊታገድ ይችላል።