የአባቴ ጉልበት በአንድ ሌሊት አበጠ፤ የሕመም ማስታገሻው የዲክሎፌናክ መርፌ ስንት ቀን ይወጋል?

ጠያቂ (ደሴ፣ ሆጤ)፦ ወገኖቼ፣ አስቸኳይ ነው። አባቴ የቆየ ሪህ አለባቸው። ማታ ደህና ተኝተው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በጩኸት ቀሰቀሱን። የቀኝ ጉልበታቸው አብጦ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል፤ አንሶላ ሲነካቸው እንኳ ይጮኻሉ። ዲክሎፌናክ በሰፈር ላስወጋቸው ነው፤ ወጌሻም ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይመጣል። መርፌው ስንት ቀን ይበቃል? የሪህ ክኒናቸውን አሎፑሪኖልን ለጊዜው አስቁሜያቸዋለሁ።

የሰኞ ገበያው፦ እኔን 3 ቀን ተወግቼ ለቆኛል። ማታ ማታ የሞቀ ጨው በጨርቅ ቋጥረህ አድርግላቸው።

አባ መሐመድ፦ ልጄ፣ ይህ የደሴ ብርድ ነው። የጦሳ ተራራ ነፋስ ጉልበት ውስጥ ከገባ በመርፌ አይወጣም። እኔ የሐረጎን ተራራ ተሻግሬ ኮምቦልቻ ልጄ ቤት ስሰነብት ጉልበቴ ይፈታል። አባትህንም ጥቂት ቀን ቆላ አውርዳቸው።

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ የአሁኑ ሕመም ሪህ መሆኑን በምን አወቅህ? የቆየ ሪህ ያለበት ሰው ሌላ በሽታ አይዘውም ማለት አይደለም። ትኩሳት አላቸው? ስኳር ወይም የኩላሊት ችግርስ? እነዚህን ሳትመልስ መርፌውን አታስወጋ፤ ወጌሻውም ጉልበቱን እንዳይነካው።

መምህሩ፦ «ቁርጥማት» ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው ሕመሞች ብዙ ናቸው። ሪህ ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ውስጥ ጠጥሮ የሚያመጣው ሕመም ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የእግር አውራ ጣትን በሌሊት በድንገት ይይዛል። በዕድሜ የሚመጣው የመገጣጠሚያ መበላት ግን ቀስ ብሎ ይጀምርና ሲራመዱ ብሶ ሲያርፉ ይቀላል። ሩማቶይድ የሚባለው ቁርጥማት የሁለቱንም እጆች ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ይይዛል፤ ሰውየው ጠዋት ከተነሣ በኋላ ጣቶቹ ሳይፈቱ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። ልጆች የጉሮሮ ሕመም ካለፈ ሳምንታት በኋላ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት እየተዘዋወረ የሚያማቸው ከሆነ ልባቸውም መመርመር አለበት።

ጠያቂ፦ ትኩሳት አላቸው። ሌሊቱን ሲንቀጠቀጡ ነበር፤ ብርድ መስሎን ጋቢ ደረብንላቸው። ስኳርም አለባቸው፤ ሐኪማቸው ስለሚያውቀው መጻፍ አስፈላጊ አልመሰለኝም ነበር።

ነርሷ፦ እንግዲያው አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው። በአንድ ጊዜ ያበጠ፣ የሚያቃጥልና ትኩሳት ያለበት አንድ መገጣጠሚያ፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ በባክቴሪያ እንደተመረዘ ይቆጠራል። መግል በጥቂት ቀናት ውስጥ የአጥንቱን ጫፍ የሸፈነውን ለስላሳ ሽፋን ሊበላው ይችላል፤ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ሪህም ትኩሳት ሊያመጣ ስለሚችል የሚለየው ከጉልበቱ በመርፌ የሚወሰደው ፈሳሽ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ጠጠርና ባክቴሪያ ይፈለግበታል። የደም ዩሪክ አሲድ ምርመራ ግን ሪህ በተነሣበት ሰዓት ልክ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል በእርሱ ብቻ አትዘናጋ። ፈሳሹ ከመወሰዱ በፊት አንቲባዮቲክ በራስህ አትስጣቸው፤ ተዋሲያኑን ሊደብቅብህ ይችላል።

የሰኞ ገበያው፦ ቢያንስ አንድ ዲክሎፌናክ ለመንገዱ ቢወጉ ምን ይጎዳል? እኔንስ አድኖኛል።

ፋርማሲስቱ፦ ወንድሜ፣ አንተን ጠቀመህ፤ ስኳር ባለበት ኩላሊት ላይ ግን ከባድ ጫና ሊያሳድር ይችላል፤ ትኩሳቱንም አብርዶ ሐኪሙን ያዘናጋዋል። ጠያቂ ሆይ፣ አሎፑሪኖልን ሳያቋርጡ ሲወስዱት የኖሩ ከሆነ በሕመሙ መሐል በራስህ ማስቆም አልነበረብህም። ያልጀመረ ሰው ግን ጊዜውን ሐኪም ይወስንለታል። የመድኃኒቶቻቸውን ፓኬት ሁሉ በፌስታል ይዘህ ሂድ፤ በተለይ የደም ግፊት ክኒን አለ? አንዳንዱ ዩሪክ አሲድ ይጨምራል።

አባ መሐመድ፦ ልጄ፣ ትኩሳት ካለ ቃሌን አንሥቻለሁ። ፈጥናችሁ ውጡ፤ አላህ ያሽራቸው።

ጠያቂ፦ ወጌሻውን አስቀርተን ሆስፒታል ገብተናል። ከጉልበታቸው ፈሳሽ ተወስዷል፤ እንደ አጓት የደፈረሰ ነው። ይህ መግል ነው ማለት ነው?

ነርሷ፦ ድፍርስነቱ ብቻ አይለየውም፤ የሪህ ፈሳሽም ይደፈርሳል። ውጤቱ ሲወጣ ጠጠር ቢገኝ እንኳ ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ የባክቴሪያው ምርመራ ምን እንዳሳየ ጠይቀህ ጻፍልን።