ግፊትና ግላኮማ ላለባት እናት የዮጋ አተነፋፈስና ሜዲቴሽን ይሆናል?

የበኩር ልጅ (ሜሪላንድ)፦

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። እናቴ 72 ዓመቷ ነው። ከአዲስ አበባ መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ እኛ ወደ ሥራ፣ ልጆቹም ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ብቻዋን ትውላለች፤ ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ በቅጡ አይወስዳትም። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ግላኮማ በተባለው የዓይን ነርቭን በሚጎዳ ሕመም ምክንያትም የዓይን ሐኪም ይከታተላታል። በአካባቢያችን ያለው ሲኒየር ሴንተር (የአረጋውያን መዋያ) ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሠሩትን ዮጋ ከአተነፋፈስ ልምምድና ከሜዲቴሽን ጋር ማስተማር ስለ ጀመረ ላስመዘግባት አስቤያለሁ።

ያሳሰበኝ ሁለት ነገር ነው። አስቀድማ እንድትለማመደው ብለን አንድ ቪዲዮ ከፍተን ነበር፤ አስተማሪው ሆዱን ወደ ውስጥ እየሳበ ትንፋሹን በአፍንጫው በኃይልና በፍጥነት ያስወጣል፤ እናቴ ልትከተለው ስትሞክር ራሷን አዞራትና አቆምን። ሁለተኛው የእርሷ የራሷ ጥያቄ ነው። «ይህ የሌላ ሃይማኖት አምልኮ አይደለም ወይ?» አለችኝ፤ አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም።

ሲስተር ነኝ፦

እግዚአብሔር እናትዎን ያቆይልዎ። አረጋውያንን በሚንከባከብ ክፍል ውስጥ በነርስነት ስለምሠራ በጤናው በኩል ያለውን ልመልስ። በቪዲዮው ያያችሁት ካፓላባቲ የሚባለው ልምምድ ይመስለኛል። እርሱም ሆነ ባስትሪካ የሚባለው ትንፋሽን በኃይል የሚያመላልሱ በመሆናቸው የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ ሄርኒያ (የሆድ ዕቃ በደከመ ጡንቻ በኩል መውጣት) ወይም ግላኮማ ላለበት ሰው አይመከሩም። ሰው ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ከደሙ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበዛና ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱት ሥሮች ይጠባሉ፤ ራስ የሚያዞረውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ትንፋሽን አፍኖ መቆየትም በደረት ውስጥ ጫና ስለሚፈጥርና ግፊትን ከፍ ዝቅ ስለሚያደርግ ይቅርባቸው።

ዝግ ያለው አተነፋፈስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አዋቂ ሰው ዐርፎ ተቀምጦ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል። ይህ ወደ 6 ገደማ ሲወርድ፣ በተለይም የሚወጣው ትንፋሽ ከሚገባው ሲረዝም፣ ቬገስ የተባለው ነርቭ የልብን ምት ያረጋጋል፤ በአንገትና በልብ አጠገብ ባሉት ትልልቅ የደም ሥሮች ላይ ሆነው ግፊትን የሚቆጣጠሩት የነርቭ ጫፎችም ይበልጥ ንቁ ይሆናሉ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ በመሣሪያ እየተመሩ ዝግ ብሎ መተንፈስን የግፊት ሕክምና ረዳት አድርጎ ሲቀበል፣ ዮጋን ግን ማስረጃው በቂ ስላልሆነ ለግፊት ማውረጃነት አልመከረም። ስለዚህ እናትዎ ልምምዱን ይውደዱት፣ ይረፉበት፤ መድኃኒታቸውን ግን ሐኪማቸው ሳያዝዙ አንድም ፍሬ አይቀንሱ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ትንሽ ሻል ሲላቸው መድኃኒቱን የሚተዉ አረጋውያን በሥራዬ ስለሚያጋጥሙኝ ነው።

ስለ ግላኮማው አንድ ነገር ልጨምር፦ ጭንቅላትን ከልብ በታች የሚያወርድ እንቅስቃሴ የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋል። ወንበር ላይ ሆነውም ቢሆን እስከ እግር ጣታቸው ድረስ እንዳያጎነብሱ ለአስተማሪዋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይንገሯት።

የወንበር ዮጋ አስተማሪ፦

ሲስተር ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ በተግባሩ ላይ ላተኩር። ጎማ የሌለው፣ ጀርባው ከግድግዳ ጋር የተጠጋ ወንበር ይምረጡ። እግራቸው መሬት በደንብ ካልረገጠ የታጠፈ ጋቢ ከሥሩ ያድርጉላቸው፤ እግር ተንጠልጥሎ ጀርባ አያርፍም። አንድ እጃቸውን እምብርታቸው ላይ፣ ሌላውን ደረታቸው ላይ ያሳርፉ። በአፍንጫ ሲስቡ የታችኛው እጅ ከፍ ይላል፤ የላይኛው እምብዛም አይነቃነቅም። ብዙዎቹ መጀመሪያ ላይ ትከሻቸውን ነው የሚያነሡት፤ ይህን ማረም ብቻውን ጊዜ ይወስዳል፤ አይቸኩሉ። በልባቸው እስከ ሦስት ቆጥረው ይሳቡ፤ ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ከንፈራቸውን ሰብሰብ አድርገው እስከ አምስት እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያስወጡ። ቁጥሩ ካስጨነቃቸው ይተዉት። ለጀማሪ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ፕራናያማ ከሚባሉት የዮጋ አተነፋፈስ ልምምዶች ለአረጋውያን እኔ የምመርጠው ብራማሪን ነው፤ አፍን ዘግቶ እስትንፋሱ እስኪያልቅ ድረስ «ምምም» እያሉ ማስወጣት ነው፤ ድምፁ ራሱ ትንፋሹን ያረዝመዋል። አንዳንድ አስተማሪዎች በጣት ዓይንን መሸፈንን ይጨምሩበታል፤ እናትዎ ግን ዓይናቸውን ፈጽሞ እንዳይጫኑ።

ስለ እንቅልፉ ደግሞ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ በተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ እንቅልፍ ያስቸገራቸው 49 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ለስድስት ሳምንት ትኩረትን መሰብሰብን የሚያስተምረውን ሜዲቴሽን የተማሩት ስለ እንቅልፍ ልማድ ብቻ ከተማሩት ይልቅ እንቅልፋቸው ተሻሽሏል። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አላከብደውም። ለእናትዎ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ከቤት ወጥተው ከእኩዮቻቸው ጋር መዋላቸው ይመስለኛል።

የሰንበት ተማሪ፦

የእናትዎ ጥያቄ ከልብ የሚነሣ ስለሆነ አክብረው ይያዙት። ዮጋ ከሕንድ ሃይማኖቶች ጋር አብሮ ያደገ መሆኑ እውነት ነው፤ ይህን መሸሸግ አያስፈልግም። ዝግ ብሎ መተንፈስ ግን የማንም ሃይማኖት የግል ንብረት አይደለም። አስተማሪዋ ማንትራ (በዮጋ እየተደጋገመ የሚባል ቃል) እንደምታስደግምና እንደማታስደግም አስቀድመው ይጠይቁ፤ ካስደገመች እናትዎ በዚያ ጊዜ ዝም ቢሉ የሚቆጣቸው የለም። ኅሊናቸው እስከ መጨረሻው ካላረፈ ንስሐ አባታቸውን ያማክሩ።

በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የጣሊያን ጥናት ሁልጊዜ ይደንቀኛል። 23 ጤነኛ ሰዎች የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን፣ ከዚያም አንድ የዮጋ ማንትራ እንዲደግሙ ተደርጎ፣ በሁለቱም አተነፋፈሳቸው በደቂቃ ወደ 6 ገደማ ወርዶ ተገኝቷል። ጸሎትን የግፊት መድኃኒት ማድረጌ አይደለም፤ ጸሎት ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ነው። ነገር ግን እናትዎ መቁጠሪያቸውን ይዘው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲሉ ሳይጣደፉ፣ አንዱን በአንድ ትንፋሽ ቢሉት ሰውነታቸውም አብሮ ያርፋል።

የበኩር ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሶቹን ለእናቴ አነበብኩላት፤ ስለ መቁጠሪያው የተጻፈውን ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ሄዳ ለማየት ተስማምታለች። ሲስተር፣ ግፊቷን የምንለካው ከልምምዱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ሲስተር ነኝ፦

ጠዋት መድኃኒት ከመውሰዳቸው በፊትና ማታ፣ አምስት ደቂቃ ዐርፈው ከተቀመጡ በኋላ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይለኩላቸው። ልክ ከልምምዱ በኋላ የሚገኘው ቁጥር ዝቅ ስለሚል ያታልላል። ቁጥሩን ደብተር ላይ እየመዘገቡ በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪማቸው ያሳዩ። ልምምዱ ሲያልቅ ወዲያው ብድግ እንዳይሉ፤ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ አረጋዊ ተቀምጦ ቆይቶ በድንገት ሲነሣ ሊወድቅ ስለሚችል፣ እግራቸውን ጥቂት አነቃንቀው፣ የወንበሩን እጀታ ይዘው ቀስ ብለው ይነሡ።