ስህተቱ አንድ፣ ፍርዱ ሁለት

አወያይ፦ ሁለት ወንጌላውያን ሰባኪዎች አንድ ዓይነት የትምህርት ስህተት አስተማሩ እንበል። አንዱን «ሐሰተኛ አስተማሪ»፣ ሌላውን «አፉን ስቶት ነው» ካልን የመዘንነው ምኑን ነው? ስድብ አይፈቀድም፤ ስም መጥራትም።

ሚዛን፦ ሰውየውን ነዋ! የማንወደው ሰባኪ «በአፋችሁ ያወጃችሁት ይሆናል» ሲል ሠላሳ ሰከንድ ቆርጠን «ኑፋቄ!» እንላለን። የምንወደው ያንኑ ሲል ግን «ሙሉውን ስሙ እንጂ፣ ዐውዱን እዩ» ይባላል። ዐውድ ለወገን ብቻ የሚታደል ነው እንዴ? ዘዳግም 25 ታላቅና ታናሽ ሚዛን በከረጢትህ አይኑር ይላል። ለነጋዴ ብቻ አድርገነዋል።

ቤርያዊት፦ ወንድሜ፣ ግማሹን እቀበልሃለሁ። ግን ስህተት ሁሉ እኩል አይደለም። ክርስቶስ ተመልሶ ይነግሥበታል ስለሚባለው ሺህ ዓመት መለያየትና የክርስቶስን አምላክነት መካድ ምን አገናኛቸው? ጳውሎስ በፊልጵስዩስ 1 በቅንዓት የሚሰብኩትን፣ ክርስቶስ እስከተሰበከ ድረስ ደስ ይለኛል ብሎ አለፋቸው፤ በገላትያ 1 ግን ልዩ ወንጌል የሚሰብክ፣ እኛም ብንሆን መልአክም ቢሆን፣ የተረገመ ይሁን አለ። የፊተኞቹ ልባቸው እንጂ መልእክታቸው አልተበላሸም። ፍርድ በተለያየ ቁጥር አድልዎ ነው አትበል።

ሚዛን፦ እህቴ፣ ጥያቄው እኮ ስለ አንድ ዓይነት ስህተት ነው። ደግሞ «እኛም ብንሆን» የምትለዋን ልብ በያት፤ ጳውሎስ እርግማኑን ከራሱ ጀመረ።

የድሮ ሰው፦ ልጆች፣ እኔ አንድ ታሪክ ላንሣ። ቻርልስ ፊኒ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ስመ ጥር የመነቃቃት ሰባኪ ነበር። የክርስቶስ ጽድቅ ለአማኙ ይቆጠርለታል የሚለውን ትምህርት እንደማይቀበል በ1846 እ.ኤ.አ. መታተም በጀመረው የነገረ መለኮት መጽሐፉ ጽፏል። ያንኑ ዛሬ አንድ ወጣት ቢያስተምር ከመድረክ እናወርደው ነበር። ፊኒን ግን ስለ ጸሎት ስንሰብክ ያለ አንዳች ማሳሰቢያ እንጠቅሰዋለን። እኔም ጠቅሼዋለሁ፣ ብዙ ጊዜ።

ዝምተኛው፦ «የቀባኋቸውን አትንኩ» የሚለውስ?

ቤርያዊት፦ መዝሙር 105 የሚያወራው አብርሃምን፣ ይስሐቅንና ያዕቆብን ነገሥታት እንዳይጎዷቸው ነው። ትምህርታቸው አይመርመር አላለም። ጴጥሮስ እንኳ በአንጾኪያ በሁሉ ፊት በጳውሎስ ተገሥጿል።

ዝምተኛው፦ እንግዲያ ሰባኪው አጵሎስ ለምን በሁሉ ፊት አልተገሠጸም? ሐዋርያት ሥራ 18 ላይ ጵርስቅላና አቂላ ወደ እነርሱ ወስደው ነው ያስረዱት። ይኼም ሁለት ሚዛን አይሆንም?

ቤርያዊት፦ ጥሩ ጠየቅህ። አጵሎስ የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር፤ ጎዶሎውን ሞሉለት። ጴጥሮስ ግን እውነቱን እያወቀ ከአሕዛብ ማዕድ ራቀ፤ በርናባስ ሳይቀር ተከተለው። ጥፋቱ በአደባባይ ስለነበር ተግሣጹም በአደባባይ ሆነ። ልዩነቱን ያመጣው ስማቸው አይደለም።

ሚዛን፦ እኛ ዘንድ ደግሞ ተገልብጧል፤ ገና ለጀመረው አደባባይ፣ ለስመ ጥሩው ጓዳ።

ዝምተኛው፦ ባለፈው የዚያን ጀማሪ ልጅ ቪዲዮ ያሰራጨሁት እኔ ነኝ። አስቀድሜ አልደወልኩለትም።

አወያይ፦ ስልኩ አለህ?

ዝምተኛው፦ አለኝ።