በኮቪድ ጊዜ የአንድ ቻርተር ትምህርት ቤት ወላጆች ለትምህርት ቤቱ ቦርድ የሚያስገቡት የጋራ ጥያቄ፦ ረቂቅና ውይይት (ዋሽንግተን ዲሲ፣ ኦገስት 2021)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ሦስት ነጥብ ነው፣ አራተኛ አትጨምሩ። ባለፈው አሥራ አንድ ነጥብ ልከን ለአንዱም መልስ አልመጣም።
አንድ፣ በየክፍሉ የአየር ማጣሪያ። ሁለት፣ ክፍሉ ኳራንቲን ሲገባ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መምህር ያለበት የኦንላይን ትምህርት፤ የወረቀት ጥራዝ ወደ ቤት መላክ አንቀበልም። ሦስት፣ ቤቱ ውስጥ የታመመ ሰው ላለበት ልጅ የኦንላይን አማራጭ። አሁን የሚፈቅዱት ልጁ ራሱ የሐኪም ወረቀት ካመጣ ብቻ ነው።
አርብ ማታ ይዘጋል፣ ማክሰኞ ቦርዱ ይሰበሰባል። ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው ይውጣ።

የአሜን እናት፦ ትርጉሙን እኔ እይዛለሁ። ሐሙስ ይደርሳችኋል።

የናሆም አባት፦ «የአየር ማጣሪያ» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ማሽን ገዝተው «አደረግን» ይላሉ። ቁጥር ይግባበት። ክፍሎቹ 30 በ25 ጫማ ናቸው፣ ጣሪያው 9 ጫማ፤ ይህ 6,750 ኪዩቢክ ጫማ ነው። አየሩ በሰዓት 5 ጊዜ እንዲጣራ በደቂቃ 560 ኪዩቢክ ጫማ ገደማ ያስፈልጋል። አንድ ደህና ሄፓ (በጣም ጥቃቅኑን የሚይዝ ማጣሪያ ያለው) ማሽን በከፍተኛው ፍጥነት 300 ይሰጣል፣ ስለዚህ በወረቀት ላይ ሁለት ይበቃል። ችግሩ በከፍተኛው ሲሠራ ይጮኻል። መምህሯ ድምፅዋ አልሰማ ሲላት ወደ ዝቅተኛው ታወርደዋለች፣ ያኔ ግማሹንም አያጣራም። ሦስት ጠይቁና በመካከለኛው ይሥሩ።
«የሕንፃውን ኤሲ ፊልተር ወደ መርቭ 13 ቀየርን» የሚሉትንም ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። መርቭ 13 ጥቅጥቅ ያለ ፊልተር ነው፤ ያረጀ ፋን አየሩን በእሱ ውስጥ መግፋት ያቅተዋል፣ ወደ ክፍሉ የሚገባው አየር ይቀንሳል። ከተቀየረ በኋላ የአየሩ ፍሰት ተለክቶ ውጤቱ ይሰጠን። በየክፍሉም አየሩ መታፈኑን የሚያሳይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ይቀመጥ፤ ከ800 ፒፒኤም (ከሚሊዮኑ 800) ሲያልፍ መስኮት ይከፈት። ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ክትባት ገና የለም፣ ያለን አየሩና ማስኩ ነው።

የቤዛ አባት፦ ጉልበታችን የት እንዳለም ይታወቅ። እንደ እኛ ያለ ቻርተር (በመንግሥት ገንዘብ ግን በራሱ ቦርድ የሚተዳደር ትምህርት ቤት) የሚከፈለው በተማሪ ቁጥር ነው፣ ቆጠራው ኦክቶበር 5 ነው። የሚያዳምጡን እስከዚያ ነው። ከንቲባዋ ቢሮ ሄዶ መጮህ ውጤት የለውም፤ የከተማው ትምህርት ቤቶች በከንቲባዋ ሥር ባለው ኃላፊ፣ በቻንስለሩ፣ ይታዘዛሉ፣ የእኛን የሚወስነው የራሱ ቦርድ ነው። በሕጉ ቦርዱ ውስጥ ቢያንስ ሁለት የተማሪ ወላጆች መኖር አለባቸው። እነሱን ከማክሰኞ በፊት ማን ያናግራል?
ልጅ አስቀርቶ ማስፈራራት ግን አይታሰብም። ከ5 እስከ 13 ዓመት ያለ ልጅ ያለ ፈቃድ 10 ቀን ከቀረ ለሕፃናትና ቤተሰብ አገልግሎት ሪፖርት ይደረጋል። ቦታውን የለቀቀም ተመልሶ በሎተሪና በወረፋ ነው የሚገባው።

የሶልያና እናት፦ ዕቅዳቸውን እስከ መጨረሻው ያነበበ አለ? ምሳ ውጪ ነው፣ «ልጆች ከቤታቸው ፎጣ ወይም ምንጣፍ ይዘው ይምጡ» ይላል። ልጄ አስፋልት ላይ ቁጭ ብላ አትበላም። ይህ አንደኛ ነጥብ ይሁን።

የናሆም አባት፦ ውጪ መብላታቸው ከሁሉ የተሻለው ነገር ነው። ማስክ የሚወልቀው ምሳ ላይ ነው። ይህን ከነካችሁ ወደ ካፌቴሪያው ይመልሷቸዋል።

የሶልያና እናት፦ ውጪ አይብሉ አላልኩም። ወንበር አልኩ።

የቅዱስ አባት፦ ሀገር ቤት ሰሌን ላይ በልተን ነው ያደግነው። ዴልታ የሚሉት የኮቪድ ዝርያ በር ላይ ቆሞ ስለ ወንበር እንጨቃጨቅ?

የሶልያና እናት፦ ሰሌኑ የተነጠፈው ቤት ውስጥ ነው፣ ውሻ የሚያልፍበት ፓርኪንግ ላይ አይደለም። ልጅህ ፓርኪንግ ላይ ይቀመጥ ካልክ የራስህን ልጅ አስቀምጥ።

የቅዱስ አባት፦ ልጄን አትንኪ።

የኤልዳና አያት፦ ልጆቼ፣ ተዉ። ፍልሰታ ነው፣ የእኛ ልጅ የሚይዘው ሽሮ ነው። ሽሮ ያለበት ቴርሞስ ጭን ላይ ተይዞ አይበላም፣ ይደፋል፣ ልጁም ጦሙን ይውላል። ጠረጴዛ ያስፈልጋል።

የቅዱስ አባት፦ እማማ፣ እርስዎ ካሉ እሺ። ግን ጠረጴዛ ስንት ነው? ማንስ ይገዛዋል?

የቤዛ አባት፦ ገንዘብ የለም እንዳይሏችሁ። በማርች የጸደቀው የፌደራል ገንዘብ ደርሷቸዋል። ቢያንስ 20 በመቶው ለጠፋው ትምህርት ማካካሻ መዋል አለበት፣ የቀረው ለአየርም ለእንዲህ ያለውም ይፈቀዳል። ገንዘቡን የወሰደ ሁሉ የመክፈቻ ዕቅዱን የሕዝብ አስተያየት ተቀብሎ ማውጣት፣ በየስድስት ወሩ ማየት፣ ወላጅ በሚረዳው ቋንቋ መጻፍ ግዴታው ነው፤ መጻፍ ካልተቻለ በቃል ማስተርጎም። በአማርኛ የደረሰው ሰው አለ? ከፎጣው በፊት ይህ መግባት ነበረበት።

የናሆም አባት፦ ይህ ደህና ነጥብ ነው። ጸሐፊ፣ አስገቢው።

የሶልያና እናት፦ ይግባ፣ ከጠረጴዛው ቀጥሎ።

የሄራን አባት፦ ድንኳን ሳይኖር ጠረጴዛ ምን ያደርጋል? ዝናብ ሲመጣ ካፌቴሪያ ናቸው። ሒሳቡን ልስጣችሁ። 20 በ40 ጫማ ድንኳን 800 ካሬ ጫማ ነው። ልጆቹ 6 ጫማ ከተራራቁ ለአንዱ 36 ካሬ ጫማ ይደርሰዋል፣ 22 ልጅ ብቻ ይይዛል። በ3 ጫማ ከሆነ ከነመተላለፊያው 60 ገደማ። ባለ 6 ጫማ ጠረጴዛ በዚያ ርቀት በአንድ ጎኑ ብቻ 2 ልጅ ያስቀምጣል፤ ለ60 ልጅ 30 ጠረጴዛ፣ 60 ወንበር። አስፋልት ላይ ካስማ አይመታም፣ እያንዳንዱ እግር ላይ ክብደት ይታሰራል፤ ለትንሿ 10 በ10 እንኳ በእግር 40 ፓውንድ ነው፣ ይህ ትልቅ ስለሆነ አከራዩ ራሱ ይትከለው። የከተማ ፈቃድም አለው። ጎኖቹን በመጋረጃ ከዘጉት ግን ከክፍል አይለይም፣ ያ ተለይቶ ይጻፍ።

የሊያ እናት፦ 30 ጠረጴዛ በየቀኑ ማን ያወጣል? ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ከነክዳኑ ርካሽ ነው። ተገልብጦ ለሁለተኛ ክፍል ልጅ ቁመቱ ልክ ነው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ስለሚገባ ቦታ አይፈጅም።

የሶልያና እናት፦ ባልዲ ላይ? የልብስ ማጠቢያ ላይ ልጄን?

የሊያ እናት፦ አዲስ ባልዲ ነው ያልኩት።

የቅዱስ አባት፦ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ መቀመጫ። ኳራንቲኑ የት ደረሰ? አንድ ልጅ ሲያዝ ክፍሉ በሙሉ 10 ቀን ቤት ነው። በሰዓት የሚከፈላት እናት 10 ቀን ሥራ ቀረች ማለት ነው። ስለዚህ ነበር የጀመርነው።

የሶልያና እናት፦ ትክክል ነህ፣ ኳራንቲኑ አይውጣ። ቅድም የጻፍኩትን ተወው። ጠረጴዛው ግን ይቆያል።

ጸሐፊ፦ አርብ ነው። የአሜን እናት፣ ትርጉሙ?

ጸሐፊ፦ የአሜን እናት? ስልክም አታነሳም። ሌላ የሚተረጉም ካለ ዛሬ ማታ።

የሄራን አባት፦ የድንኳኑን ክፍል በእንግሊዝኛ ጽፌዋለሁ። ሌላውን አልችልም፣ ነገ ሥራ ነኝ።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው ያለን ይኸው ነው። አንድ፣ ድንኳን፣ 30 ጠረጴዛና 60 ወንበር በአንድ የምሳ ፈረቃ። ሁለት፣ በኳራንቲን ጊዜ የኦንላይን ትምህርት። ሦስት፣ ዕቅዱ በአማርኛ ይሰጠን። አራት፣ በየክፍሉ በቂ የአየር ማጣሪያ። የቤት ሕመምተኛውን አወጣሁት፤ ሁለት እናቶች «ጥያቄው ልጃችንን ወደ ኦንላይን ያስገፋዋል» ብለው ሳይፈርሙ ቀሩ። 41 ሰው ፈርሟል።

የናሆም አባት፦ ለክፍል ሦስት ማሽን ያልኩት «በቂ» ሆኖ አራተኛ ወረደ? መለኪያውስ? ድንኳኑ እስከ ወንበሩ ቁጥር ተጽፎ ልጆቹ ሙሉ ቀን የሚውሉበት ክፍል አንድ ቁጥር የለውም። ይመለስ፣ ካልሆነ ስሜን ሰርዙት።

ጸሐፊ፦ ጽሑፉ ከተቀየረ 41ዱንም እንደገና ማስፈረም ነው። ማክሰኞ በሚሰጠን 2 ደቂቃ አንተ ተናገረው።

የናሆም አባት፦ ማክሰኞ ማታ ፈረቃ ነኝ። ቁጥሮቹን በአንድ ገጽ እልካለሁ፣ የሚያነብ ሰው ስጡኝ።

የቤዛ አባት፦ እኔ አነባለሁ፣ ላክልኝ። የቦርዱን ሁለት ወላጆችም እስካሁን ያናገረ ስለሌለ ነገ እኔ እደውላለሁ።

የሊያ እናት፦ ጠረጴዛዎቹን ማታ ወደ ጂም የሚመልሰው ማን እንደሆነ አሁንም አልተጻፈም። መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።