ከፕላኔትማዝ ወደ ውክፔዲያ የሒሳብ ጽሑፍ ስናመጣ ተምታታብን፣ እርዱን

ቀመር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሆነን ፕላኔትማዝ ከሚባለው ነጻ የኢንተርኔት የሒሳብ መዝገበ ዕውቀት ጽሑፍ እየወሰድን ውክፔዲያ ላይ የጎደለውን ልንሞላ ተነሳን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላን ተምታታብን። አንዱን ጽሑፍ ሁለታችን ሠርተነው ተገኘ። ሌላው ደግሞ በሌላ ስም ቀድሞ ነበረ። ለመሆኑ ቃል በቃል መገልበጥስ ይፈቀዳል?

ነባሩ፦
ይፈቀዳል፣ ምንጩን እስከጠቀሳችሁ ድረስ። ሁለቱም መጀመሪያ ጂኤፍዲኤል በሚባል የነጻ ጽሑፍ ፈቃድ ነበር የሚሠሩት፣ ኋላ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ወደሚባለው ሌላ ነጻ ፈቃድ፣ ወደ እትም 3.0 ዞሩ። ውክፔዲያ በ2009 እ.ኤ.አ. ነው የዞረው። በ2023 ደግሞ ወደ 4.0 አለፈ። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ የ3.0 ጽሑፍ ወደ 4.0 ይገባል፣ የ4.0 ግን ወደ 3.0 አይመለስም። ውክፔዲያ ላይ ሌሎች ያሻሻሉትን ወደ ፕላኔትማዝ ልመልስ ብትሉ አያስኬድም። ራሳችሁ ብቻ የጻፋችሁትን ግን እንደፈለጋችሁ ለሁለቱም መስጠት ትችላላችሁ።
ማዝወርልድ የሚባለውን ሌላ የሒሳብ ድረ ገጽ ግን እንዳትነኩት። በነጻ ይነበባል እንጂ አይገለበጥም።

ሠንጠረዥ፦
የእናንተ ችግር የክፍፍል ነው። በፊደል ተራ ከተካፈላችሁ መጋጨታችሁ አይቀርም። ፕላኔትማዝ ጽሑፎቹን የሚመድበው ሒሳብ ሊቃውንት የሒሳብ ዘርፎችን ለመለየት በሚጠቀሙበት የኤምኤስሲ ቁጥር ነው፤ 05 ኮምቢናቶሪክስ፣ 11 የቁጥር ቲዎሪ፣ 54 ቶፖሎጂ እያለ ይሄዳል። በዚያ ተካፈሉ። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ሰዎችም ድሮ እንዲህ ነው የሠሩት። በእያንዳንዱ ርዕስ ጎን ምልክት አድርጉ፦ «ተገልብጧል»፣ «ከነባሩ ጋር ተዋህዷል»፣ «በቂ አለ»፣ «አያስፈልግም»። «አያስፈልግም» የምትለዋን አትናቋት። እሷ ከሌለች ሌላው መጥቶ ያንኑ ርዕስ ከዜሮ ይጀምራል።

ዜሮና አንድ፦
እኔን ያስለቀሰኝ ትርጓሜ ነው። ሪንግ የሚባለውን፣ ማለትም መደመር፣ መቀነስና ማባዛት የሚቻልበትን ስብስብ፣ ውሰዱ። አንዳንዱ ጸሐፊ «1 በውስጡ መኖር አለበት» ይላል፣ ሌላው ግድ የለውም። በሁለተኛው ከሄድን ተጋማሽ ቁጥሮች (…፣ -2፣ 0፣ 2፣ 4፣ …) ሪንግ ናቸው፤ በመጀመሪያው ግን አይደሉም። እኔ «ዜሮ ያልሆነ ሪንግ ሁሉ ማክሲማል አይዲያል አለው» የሚለውን ከነማረጋገጫው አምጥቼ ለጠፍኩት። (አይዲያል የሪንጉ ልዩ ንዑስ ስብስብ ነው፤ ማክሲማል የሚባለው ከሙሉው ሪንግ አንሶ፣ በሁለቱ መካከል ሌላ አይዲያል ሲጠፋ ነው።) ማረጋገጫው 1 መኖሩን ተማምኖ ነው የሚሄደው። እኔ የለጠፍኩበት ገጽ ደግሞ 1ን አይጠይቅም ነበር። ያለ 1 አባባሉ ራሱ ይፈርሳል! ሁለት ወር ሙሉ ማንም ሳያየው ቆየ። ስለዚህ ከመለጠፋችሁ በፊት የሁለቱን ገጾች የመጀመሪያ አንቀጽ ጎን ለጎን አንብቡ። ዜሮን ከመቁጠሪያ ቁጥሮች ውስጥ በማስገባትና ባለማስገባትም ጸሐፊዎች እንዲሁ ይለያያሉ።

ላቴክ፦
አንድ ልጨምር። የፕላኔትማዝ ጸሐፊዎች ቀመር በሚጻፍበት በላቴክ ቋንቋ፣ ኒውኮማንድ በሚባል ትእዛዝ የራሳቸውን አቋራጭ ይፈጥራሉ። ውክፔዲያ ያንን አያውቀውም፣ በቀመሩ ፋንታ ቀይ የስህተት መልእክት ይደረደርላችኋል። መጀመሪያ አቋራጮቹን ሁሉ ዘርዝሩና ተኩ። ሊንኮቹንም በእጃችሁ ነው የምትሠሩት፤ ፕላኔትማዝ ላይ ማሽኑ ራሱ ነበር የሚያያይዘው።

ቀመር፦
ተባረኩ። 11ን እኔ ይዣለሁ፣ 54ን ጓደኛዬ። ሁለቴ የተሠራውን ጽሑፍ ምን እናድርገው?

ነባሩ፦
የተሻለውን አስቀሩ፣ ከሌላው የሚጠቅመውን ጨምሩበት፣ የተረፈውን ርዕስ ወደዚያ እንዲመራ አድርጉት። ግን አትሰርዙት፤ የጻፈው ሰው ስም ታሪኩ ውስጥ መቅረት አለበት።