ድረሱልኝ፦ የድንች ህትመት ሲሙሌሽኑ 67 ሜጋፓስካል ይለኛል

ድንች_አታሚ፦
ጤና ይስጥልኝ። አስቸኳይ ነው፣ ሐሙስ ጠዋት ማሳያ አለን። መዋጥ ለሚቸግራቸው አረጋውያን የተፈጨ ድንች በሲሪንጅ እናትማለን። የፈሳሽ ፍሰት በሚያሰላው ኦፕንፎም ፕሮግራም፣ ኢንተርፎም በሚባለው ሶልቨሩ (ስሌቱን በሚሠራው ክፍል) ላይ ፍሰቱን ሠርቼ ውጤቱን በሚያሳየው ፓራቪው ላይ ስከፍተው ግፊቱ 67 ሚሊዮን ፓስካል ነው! ይህ እውነት ቢሆን ሲሪንጁ ገና ድሮ በፈነዳ። ሞዴሉ ሄርሸል በልክሌይ ነው (ወፍራም ነገር እንዴት እንደሚፈስ የሚገልጽ ቀመር)፤ ታው ዜሮ (ዪልድ ስትረሱ፣ ድንቹ መፍሰስ የሚጀምርበት ጫና) 150 ፓስካል፣ ኬ (የውፍረቱ መጠን) 180፣ ኤን (ሲገፋ ምን ያህል እንደሚቀጥን) 0.35። ሜሹን (ስሌቱ የሚከፋፈልበትን መረብ) አደቀቅሁት፣ ያው ነው። ማሽኑ ላይ ደግሞ ኖዝሉ (ድንቹ የሚወጣበት ጫፍ) አንዳንዴ ይደፈናል፣ ሲቆም ይንጠባጠባል፣ 40 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ቅርጽ ከታች እየተነፋ ይወድቃል። ምን ላድርግ?

ባለሜሹ፦
ኮራንት ቁጥሩን (የስሌቱን የጊዜ እርምጃ የሚገድበውን) ወደ 0.3 አውርደው።

ጠይቅ_መጀመሪያ፦
የኖዝሉ ዲያሜትር? ርዝመት? ፍጥነት? ድንቹ ውስጥ ምን አለ? ይህን ሳትነግረን ምን እንበልህ?

ድንች_አታሚ፦
መርፌው ቀጥ ያለ ብረት ነው፤ ዲያሜትር 1.5፣ ርዝመት 20 ሚሊሜትር። የሲሪንጁ ውስጥ 22 ሚሊሜትር። ፍጥነት በሰከንድ 20 ሚሊሜትር። ድንች፣ ውሃ፣ ጥቂት የድንች ስታርች። ዴንሲቲ (እፍጋት) 1050 ኪሎግራም በሜትር ኩብ።

ጋሽ_ሬዮሎጂ፦
ልጄ፣ ከመሠረቱ እንነሳ። የተፈጨ ድንች እንደ ውሃ ዝም ብሎ አይፈስም። መጀመሪያ የሚገፋው ኃይል ከዪልድ ስትረሱ ማለፍ አለበት፤ ካለፈ በኋላ ደግሞ በፍጥነት በገፋኸው ቁጥር ይቀጥናል። ኤን ከ1 ማነሱ ይህንኑ ነው የሚለው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ሬዮሜትሩ (የፍሰት መለኪያው) ላይ የለካኸው እስከ ስንት ሺር ሬት (ንብርብሮቹ እርስ በርስ የሚንሸራተቱበት ፍጥነት) ድረስ ነው? ባልከው ፍጥነት መርፌው ግድግዳ ላይ በሰከንድ 150 አካባቢ ይደርሳል። የለካኸው ከ0.1 እስከ 10 ከሆነ ኩርባውን በግምት እያስረዘምከው ነው። የሙቀት መጠኑም አለ፤ ድንች ሲቀዘቅዝና ሲቆይ ስታርቹ እየጠነከረ ይሄዳል፣ ትኩሱን ለክተህ ቀዝቃዛውን ብታትም ቁጥሮቹ አይገናኙም።

እጅ_በእጅ፦
እኔ መነሻው ራሱ አልገባኝም። ድንች ርካሽ ነው። አሥር ዓይነት አቡክቶ ማተምና የተሻለውን መያዝ እያለ ሲሙሌሽን ለምን አስፈለገ?

ጠይቅ_መጀመሪያ፦
@እጅ_በእጅ አሥሩን ብታትም የትኛው እንደሠራ ታውቃለህ፣ ለምን እንደሠራ ግን አታውቅም። ነገ ኖዝል ወይም ድንች ሲቀየር እንደገና ከዜሮ ነው። ብረት ውስጥ ያለውን በዓይንህ አታየውም፤ ሲሙሌሽን ግን ሲሪንጁ ወደ መርፌ በሚጠብበት ማዕዘን ላይ ምንም የማይንቀሳቀስ ድንች ተከማችቶ ያሳይሃል።

ባለሜሹ፦
አሁንም እላለሁ፣ ኮራንት 0.3።

ካሬ_ሜትር_በሰከንድ፦
በ67 ሜጋፓስካልማ ድንቹ ከሳህኑ አልፎ ጎረቤት ይደርሳል። ችግሩ ሜሽም ኮራንትም አይደለም፣ ዩኒት ነው። ኢንተርፎም ቪስኮሲቲን (ውፍረትን) የሚቀበለው በዴንሲቲ ተካፍሎ፣ በካይነማቲክ ነው። አንተ በፓስካል የለካኸውን ቁጥር እንዳለ ነው ያስገባኸው። ፕሮግራሙ በቅንፍ ያለውን ዳይሜንሽን ይፈትሻል፣ ቁጥሩን ግን ማንም አይፈትሽልህም። ስለዚህ ታው ዜሮ 150 ሲካፈል ለ1050፣ 0.143 ይሆናል፤ ኬ 0.171፤ ኤን አይነካም። 67 ሜጋፓስካልህን ለ1050 ብታካፍለው 64 ኪሎፓስካል ይመጣል።

በእጅም አስላው። አራት ጊዜ ፍጥነት ሲካፈል ለራዲየስ፦ 80 ለ0.75፣ 107 በሰከንድ። ለኤን 0.35 ማስተካከያው 1.46 ነው፣ 156 ሆነ። 180 ሲባዛ በ156 ከፍ ሲል በ0.35፣ 1050 ያህል፤ 150ውን ስትጨምርበት የግድግዳው ስትረስ 1200 ፓስካል። ግፊቱ ሁለት ጊዜ ርዝመት ሲባዛ በስትረሱ ሲካፈል ለራዲየስ ነው፤ 64 ኪሎፓስካል። ሲሪንጁ ራሱ የሚጨምረው 3 ኪሎፓስካል ገደማ ብቻ ነው። ሞተሩ የሚገፋው 25 ኒውተን አካባቢ፣ የላስቲኩ ሰበቃ ሳይቆጠር።

ኑ ዜሮንም (ለቪስኮሲቲው የምትሰጠውን ከፍተኛ ገደብ) እይ። አንድ ሚሊዮን የሚያህል ነገር ከሰጠኸው ሶልቨሩ ይንገታገታል። ካስተካከልከው በኋላ 10 ይበቃሃል።

ወንፊት፦
እኔ ስለ ማሽኑ ልናገር፣ ሐሙስ የሚያጋልጣችሁ እሱ ነው። መደፈኑን ይህ ሲሙሌሽን አያሳይህም፤ ድንቹን አንድ ወጥ ፈሳሽ አድርጎ ነው የሚያየው፣ ቅንጣት የለበትም። የኖዝሉ ዲያሜትር ከትልቁ ቅንጣት ቢያንስ ሦስት እጥፍ፣ ቢቻል አምስት እጥፍ ይሁን። ለ1.5 ሚሊሜትር ኖዝል ድንቹን በ0.3 ሚሊሜትር ወንፊት አሳልፉት። በብሌንደር ደጋግማችሁ አትፍጩ! ስታርቹ ከሕዋሱ ወጥቶ ማስቲካ ይሆናል፣ የለካችሁት ኬም ዋጋ ያጣል።

የሚንጠባጠበው በአየር ነው። ሲሪንጁ ውስጥ የገባው አረፋ ሲገፋ ይታመቃል፣ ሞተሩ ሲቆም መልሶ ይለጠጣል። ስትሞሉ በቀስታ ከታች ወደ ላይ ሙሉት፣ አቁማችሁ መታ መታ አድርጉ፣ ከዚያ ሪትራክሽን (ሲቆም ፒስተኑን ትንሽ ወደ ኋላ መሳብ) ጨምሩ።

ብረቱንም ጣሉትና ሾጣጣ የፕላስቲክ ጫፍ ግጠሙ። ግፊቱን የሚበላው ጠባቡ ርዝመት ነው፤ ቀጥ ያለው ክፍል ከ20 ወደ 8 ቢወርድ ግፊቱ ከግማሽ በታች ይሆናል፣ ማዕዘኑ ላይ የሚቀረው ድንችም ይቀንሳል።

ጋሽ_ሬዮሎጂ፦
ስለሚወድቀው ቅርጽ ማንም አልመለሰም። ዴንሲቲ፣ የመሬት ስበትና ቁመት ተባዝተው ለ1.73 ሲካፈሉ የሚያስፈልገው ዪልድ ስትረስ ይወጣል። ለ40 ሚሊሜትር 238 ፓስካል ግድም ነው፤ በ150 የሚቆመው 25 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቆሞ ያረፈ ድንች ከኩርባው ከሚገኘው ትንሽ የበለጠ ሊጠነክር ይችላል፣ በእሱ ግን አትመካ። ወይ ቁመቱን ቀንስ ወይ አጠንክረው።

ወንፊት፦
ለማጠንከር ስታርች ብቻ አትጨምሩ። ምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ስታርቹን አፍ ውስጥ ያቀጥነዋል፤ ዛንታን ጉም የተባለው ማወፈሪያ ግን ይቋቋመዋል። ካጠነከራችሁ በኋላ የኢድሲ (መዋጥ ለሚቸግራቸው የሚሰጥ ምግብ ዓለም አቀፍ መለኪያ) ደረጃ 4 የማንኪያ ፈተናውን እንደገና አድርጉ፦ ማንኪያው ሲዘነበል ድንቹ ቅርጹን ይዞ በአንዴ መውደቅ አለበት፣ ተጣብቆ ከቀረ ለአረጋውያኑ አይሆንም። ይህ ከቅርጹ ማማር ይቀድማል።

እጅ_በእጅ፦
ታዲያ ሲሙሌሽኑ 64 ብሎ ማሽኑ 40 ቢያነብስ?

ካሬ_ሜትር_በሰከንድ፦
@እጅ_በእጅ ጥሩ ጥያቄ ነው። ያኔ ድንቹ ግድግዳው ላይ እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል፤ ውሃው ወደ ዳር ወጥቶ ቅባት ይሆነዋል፣ ሞዴሉ ግን ግድግዳው ላይ ፍጥነት ዜሮ ነው ብሎ ያስባል። በ1.2 እና በ1.5 ኖዝል፣ የፍጥነትና የራዲየስ ጥምርታውን እኩል አድርገህ ግፋ። የግድግዳው ስትረስ ካልተገጣጠመ መንሸራተት አለ ማለት ነው።

ቸኮ_ላት፦
ይህ ለቸኮሌትም ይሠራል?

ጋሽ_ሬዮሎጂ፦
ቸኮሌት የሙቀት ጉዳይ ነው፣ ጥቁሩ 31 እና 32 ዲግሪ መካከል ነው የሚታተመው። የሙቀት ስሌት የሌለው ኢንተርፎም አይበቃህም። ለብቻው ጠይቅ።

ጠይቅ_መጀመሪያ፦
ድንች_አታሚ፣ ኑ ዜሮን ስንት አድርገህ ነበር? ካካፈልክ በኋላ የመጣውን ግፊትም ጻፍልን።