የፊተኛው ቦጊ (መንኮራኩሮቹን የሚይዘው ታጣፊ ክፈፍ) በኩርባ ላይ አልታጠፍ ብሎኛልና እርዱኝ

ሰላምታዬን በማስቀደም፣ ለባቡር ጨዋታ ሎኮሞቲቭ በመቅረጽ ልምድ ያላችሁ ሁሉ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ በጎጃም ሐዲድ ስለሌለ ቀርቦ መለካት አይቻልምና የምሠራው ከፎቶግራፍ ነው። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ መስመር ይጠቀምባቸው ከነበሩት መካከል አንዱን ባለ አራት አክስል (የመንኮራኩር ዘንግ) የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ብሌንደር በተባለው የሦስት ገጽታ መቅረጫ ፕሮግራም ቀርጬ ኦፕን ሬይልስ ለተባለው የባቡር ጨዋታ አዘጋጅቻለሁ። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት እንደ አዲሱ 1,435 ሳይሆን 1,000 ሚሊሜትር ስለሆነ መንኮራኩሮቹን በዚያው ልክ አቀራርቤያለሁ።

ቀጥ ባለ ሐዲድ ላይ እንከን የለውም። ኩርባ ሲገባ ግን የኋላው ቦጊ በሥርዓቱ ሲታጠፍ የፊተኛው ደርቆ ይቀራል፤ ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ የእርሱ መንኮራኩሮች በራሳቸው አክስል ላይ ከመሽከርከር ይልቅ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ሰፊ ክብ እየሠሩ በነጂው ክፍል ወለል በኩል ብቅ ማለታቸው ነው። ስሞቹን ጨዋታው በሚፈልገው መሠረት «ቦጊ1»፣ «ዊልስ11»፣ «ዊልስ12» እያልሁ ሰጥቻለሁ፤ መንኮራኩሮቹን ከቦጊው ሥር፣ ቦጊውን ከዋናው አካል ሥር አያይዤ፣ የእያንዳንዱን መንኮራኩር መዞሪያ ነጥብ በአክስሉ መሃል አስቀምጫለሁ።

የፊተኛውን የሠራሁት የኋላውን ቀድቼ እንደ መስታወት ምስል በመገልበጥ ነው፤ በፕሮግራሙ ውስጥ የመጠን ማባዣው (ስኬል) በአንድ አቅጣጫ ከዜሮ በታች ሆኖ ይታያል፤ ጥርጣሬዬ እዚያ ላይ ነው። ይህን መጠን ወደ 1 ከመመለሴ በፊት መንኮራኩሮቹን ከቦጊው ልነጥል ይገባልን ወይስ እንደተያያዙ ማስተካከል ይቻላል? የኢንተርኔቱ ፍጥነት ቪዲዮ ለማየት ስለማይበቃ መልሳችሁ በጽሑፍ ቢሆንልኝ እመርጣለሁ፤ ፋይሉን ማየት ለሚፈልግም እልካለሁ።